ከወጣቷ ተመራማሪ ጀርባ ማን አለ?

ስለ አሜሪካ የሕክምና ምርምር ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሮዎ የሚመጣው ምንድን ነው? ምናልባት የሀርቫርድ ወይም የጆንስ ሆፕኪንስ ስም፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች የሚርመሰመሱበት ሰፊ ላቦራቶሪ ይሆናል። እውነት ነው፤ አብዛኛው የምርምር ገንዘብ የሚፈሰው ወደ እንዲህ ያሉ ስመ ጥር ተቋማት ነው። በዚያው አገር ግን ስማቸውን ሰምተው የማያውቋቸው ብዙ ትናንሽ ኮሌጆች አሉ። ከእነዚህም መካከል በልማድ «ቀይ ሕንዶች» ይባሉ የነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በራሳቸው መሬት ላይ፣ ለራሳቸው ልጆች ያቋቋሟቸው ይገኙበታል።

የመጀመሪያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1968 የናቫሆ ሕዝብ ነው። ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ ይባላል፤ ዋና ግቢው በአሪዞና ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለው አሁን ቁጥራቸው ከ30 በላይ ሆኗል። ብዙዎቹ የሚገኙት እንደ ሞንታና፣ ሰሜን ዳኮታና ደቡብ ዳኮታ ባሉ፣ ሰው በተራራቀባቸው ግዛቶች ነው።

ሁሉም ሥራ በአንድ ትከሻ

እስቲ አንዲት ወጣት በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉ። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን ጨርሳ ከእነዚህ ኮሌጆች በአንዱ ተቀጠረች። በተማረችበት ላቦራቶሪ ሥራዋን የሚያይ ፕሮፌሰር፣ ስትሳሳት የሚያርሟት ባልደረቦች፣ የሚሊዮን ብር መሣሪያዎች ነበሩ። አዲሱ ኮሌጅ ስትደርስ ግን በሙያዋ ብቸኛዋ ሰው እሷው ሆና ተገኘች። በአንድ ሴሚስተር አራት ወይም አምስት ኮርስ ታስተምራለች። የተማሪዎቹን የቤተ ሙከራ ዕቃ የምታዘጋጀው፣ ፈተና የምታርመው፣ የተቸገረ ተማሪ ሲመጣ የምታነጋግረው እሷው ናት። የምርምር ገንዘብ ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን ፕሮፖዛል የምትጽፈው ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ነው።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። በሳይንስ ዓለም ግን ብቻውን ለሮጠ ሰው አቅጣጫ ስቶ እንደሆነ እንኳ የሚነግረው የለም። ፕሮፖዛሏ አንዴ፣ ሁለቴ ይመለሳል። ጉድለቱ ሐሳቡ ላይ ይሁን አጻጻፉ ላይ የሚያስረዳት ሰው በአቅራቢያዋ አታገኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወይ ምርምሩን ትተወዋለች፣ ወይ ኮሌጁን ለቃ ትሄዳለች። ጉዳቱ በእሷ ብቻ አያበቃም። «እኔም እንደ እሷ መሆን እችላለሁ» ብላ የጀመረች ተማሪ አርአያዋን ታጣለች።

መካሪ ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን መካሪ ስንል አልፎ አልፎ ደውሎ «በርቺ» የሚል ደግ ሰው ይመስለናል። ማበረታቻ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕሮፖዛል አያስተካክልም። ሥራውን የሚያውቅ መካሪ ረቂቁን ከገምጋሚዎች በፊት አንብቦ ስሕተቱን በግልጽ ይናገራል። ኮሌጁ በሌለው መሣሪያ እንድትጠቀም የራሱን ላቦራቶሪ ይከፍትላታል። በጉባኤ ላይ ከሙያው ሰዎች ጋር ያስተዋውቃታል። ከኮሌጁ አስተዳደር ጋር ስለ ማስተማር ጫናዋ እንዴት መነጋገር እንዳለባትም ይመክራታል።

ይህንን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት ምክር መስጠት በተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ጸጋ ሳይሆን የሚለመድና የሚሠለጠኑበት ክህሎት መሆኑን፣ ወጣቶችም ከአንድ በላይ መካሪ ቢኖራቸው እንደሚጠቀሙ አስረድተዋል። አንዱ ስለ ሳይንሱ፣ ሌላው ስለ ገንዘቡ፣ ሦስተኛው ስለ ኑሮው ይመክራል ማለት ነው።

መንግሥትም ድርሻ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 በተጀመረ ፕሮግራም አነስተኛ የምርምር ገንዘብ ያገኙ የነበሩ 23 ግዛቶችንና ፖርቶ ሪኮን ይደግፋል። በዚህ ፕሮግራም ሥር ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በግዛታቸው ካሉ ትናንሽ ኮሌጆች ጋር በኔትወርክ ይተሳሰራሉ። የኮሌጁ መምህር ለአነስተኛ ምርምር ገንዘብና መካሪ፣ ተማሪው ደግሞ በረጅሙ የትምህርት ዕረፍት የላቦራቶሪ ልምምድ ያገኛል።

ሁለተኛው መካሪ፦ ማኅበረሰቡ

በነባር ሕዝቦች መካከል የሚሠራ ተመራማሪ ግን ከፕሮፌሰር የማይማረው ሌላ ትምህርት አለ። በግራንድ ካንየን ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩት ሃቫሱፓይ የተባሉት ሕዝቦች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጡ። የሰጡት በመካከላቸው የተስፋፋውን የስኳር በሽታ ለማወቅ ይረዳል ብለው ነው። በኋላ ደማቸው ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ዘር ምንጫቸው ለሚደረግ ጥናትም መዋሉን ሰሙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 በስምምነት ተዘጋ፤ 41 ሰዎች 700,000 ዶላር ተከፈላቸው፣ የቀረው ደምም ተመለሰላቸው። ናቫሆዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በግዛታቸው የዘረ መል ምርምር እንዳይካሄድ አግደዋል።

በእንዲህ ያለ አገር እምነት ከማይክሮስኮፕ ይበልጣል። ስለዚህ ወጣቷ ጥናቷን ከመጀመሯ በፊት ሽማግሌዎችን ማነጋገር፣ የማኅበረሰቡን የምርምር ቦርድ ፈቃድ መጠየቅ፣ ውጤቱንም መጀመሪያ ለእነሱ መንገር አለባት። ይህ ሥርዓት ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በናቫሆ አካባቢ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በድንገተኛ የመተንፈስ ችግር መሞት ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹ ዝናብ ሲበዛ የጥድ ፍሬ እንደሚትረፈረፍ፣ ፍሬው ሲበዛ አይጥ እንደሚራባ፣ በሽታም እንደሚከተል ተናገሩ። የላቦራቶሪ ምርመራውም በሽታው አይጥ የሚያስተላልፈው ሃንታ ቫይረስ መሆኑን አረጋገጠ።

ይህ ለእርስዎ ቤተሰብ ምን ይነግራል?

ልጅዎ ወይም የዘመድ ልጅ አሜሪካ ለመማር አስቦ ከሆነ ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ የመጣን ደብዳቤ በስሙ ብቻ አይናቁት። እዚያ የሚኖሩ የብዙ ወገኖቻችን ልጆችም የሚጀምሩት በትናንሽ ኮሌጆች ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ የምትገኝበት ኔቫዳ ቀደም ብለን ከጠቀስናቸው 23 ግዛቶች አንዷ ናት። ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

• መምህራኑ ተማሪዎችን በራሳቸው ምርምር ያሳትፋሉ?

• ኮሌጁ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ጋር ትስስር አለው? ተማሪው በዕረፍት ወራት ክፍያ ያለው ልምምድ ያገኛል?

• ከዚህ ቀደም የተመረቁት የት ደረሱ? ከእነሱ አንዱን ማነጋገር ይቻላል?

• ተማሪው ከመምህሩ ሌላ በስሙ የሚያውቀው፣ ሲቸግረው የሚሄድበት ሰው ይመደብለታል?

ልጅዎ ትምህርቱን ጨርሶ ምርምር የጀመረ ከሆነ ደግሞ «መካሪ ሁኑኝ» ብሎ በደፈናው እንዳይጠይቅ ይንገሩት። ሥራ የበዛበት ፕሮፌሰር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እሺ ለማለት ይቸገራል። «ይህችን ሁለት ገጽ አንብበው የትኛው ሐሳብ ደካማ እንደሆነ ይንገሩኝ» ቢለው ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛል።

ምናልባት እርስዎም ሐኪም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም መምህር ይሆናሉ። በሥራ ቦታዎ ገና የጀመረ፣ ጥያቄ ይዞ የሚጠይቀው ሰው ያጣ ወጣት አይጠፋም። በዚህ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይስጡትና የጻፈውን ያንብቡለት።