ማዕረግ የሌላቸው የካምፕ ሰዎች፤ ስለ መከላከያ ሲቪል ሠራተኞች ለሙያ ጆርናል መጻፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦና ጉደር የሚያደርሰው መንገድ ለብዙዎቻችን የጤፍ፣ የአምቦ ውኃና የወንጪ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ የሠራዊት መንገድም ነው። ቀድሞ በምዕራብ ሸዋ ሥር በነበረችው ሆለታ፣ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ተከፍቷል። በአምቦ አቅራቢያ የሰንቀሌ ፖሊስ ማሠልጠኛ አለ። በዚያው አካባቢም በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተቋቋመው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ይገኛል።

እንዲህ ባሉ ተቋማት ውስጥ ከባለማዕረጉ ጎን ወጥ ሠሪዋ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ነርሷና የማሽን ኦፕሬተሩ አሉ። ጠዋት መታወቂያ አሳይተው ይገባሉ፤ ማታ ወደ ከተማ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ጦር ያለ ስንቅ ተሸካሚውና ያለ እንጀራ ጋጋሪዋ አይንቀሳቀስም ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ግን ዛሬም ከጋጋሪዋ ይልቅ የጦር አዝማቹን ስም መዘርዘር ይቀናቸዋል።

አንድ የሕግ ባለሙያ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ሰው ወይም የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህር ስለነዚህ ሠራተኞች ለሙያ ጆርናል ሊጽፍ ተነሣ እንበል። በውጭው ዓለም መነሻ አያጣም። ሞሪስ ጃኖዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስጀመረው «አርምድ ፎርስስ ኤንድ ሶሳይቲ» የተባለው ጆርናል በሠራዊትና በኅብረተሰብ ግንኙነት ላይ ጥናት ሲያወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት ከ700 ሺሕ በላይ ሲቪሎችን ሲቀጥር ስለኖረ፣ ጥናቱም በዚያው ልክ ብዙ ነው። እዚያ ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ ባለማዕረጉ አለቃ በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል፣ ሲቪሉ ይቀራል። የመሥሪያ ቤቱን ያለፈ ነገር የሚያስታውሰው ሲቪሉ ነው፤ ውሳኔ የሚሰጠው ግን አዲስ መጪው አለቃ ነው። በየትኛውም የአገራችን ቢሮ የሠራ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ይሁንና የውጭውን መጠይቅ ተርጉሞ አምቦ ላይ ማሰራጨት ጽሑፉን ገና ከመነሻው ያበላሸዋል። ምክንያቱም በእኛ አገር ዋናው ሥራ ትርጉሙ ላይ ነው፤ ሲቪል ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው? ቃሉ ራሱ ያሳስታል። በአማርኛ «ሲቪል የለበሰ» ስንል ብዙ ጊዜ ሲቪል ያልሆነውን፣ ዩኒፎርሙን አውልቆ የሚንቀሳቀሰውን የጸጥታ ሰው ማለታችን ነው። እንግዲህ ለአንዲት የካምፕ ጸሐፊ «ሲቪል ነሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ሌላ ነገር መጠየቅ ሊመስልባት ይችላል።

ሕጉም ቢሆን ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999፣ እሱን የተካው 1064/2010ም እንዲሁ፣ የመከላከያ ሠራዊት አባላትን ብቻ ሳይሆን በሠራዊቱ ደንቦች የሚተዳደሩ ሌሎች ሠራተኞችንም ከ«መንግሥት ሠራተኛ» ትርጉም አውጥቷል። ይኸው ሕግ በ2017 ዓ.ም. እንደገና በአዲስ ተተክቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሥራ ግንኙነታቸው በልዩ ሕግ የሚገዛ ሰዎችን አይመለከትም። በሁለቱ ሕጎች መካከል የቀረው ሰው ወደ መከላከያው የራሱ ሕግና ደንብ ይሄዳል ማለት ነው። በመሆኑም ጸሐፊው «በዚያ ዓመት፣ ለዚያ የሥራ መደብ የተፈጻሚው ሕግ የትኛው ነበር?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ሰንጠረዡ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ሆሚቾን እንውሰድ። ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. ሜቴክ ሲቋቋም ከተጠቃለሉት አንዱ ሆነ፤ ሜቴክ በ2011 ዓ.ም. መከፋፈል ሲጀምር ደግሞ የወታደራዊ ምርት ፋብሪካዎች ወደ መከላከያ ተመለሱ። አንድ የማሽን ኦፕሬተር ከማሽኑ ሳይነሳ፣ ያው ፈረቃ ላይ እያለ፣ ከበላዩ ያለው ተቋም ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ። ይህ ሰው እጁን ማሽን ቢጎዳው ካሣውን የሚያሰላው የትኛው ሕግ ነው? መልሱ በአደጋው ቀንና በቅጥር ደብዳቤው ላይ የተንጠለጠለ ነው። በጆርናል ላይ መውጣት ያለበትም እንዲህ ያለው ጉዳይ ይመስለኛል፤ ስለ «ሠራተኞች እርካታ» የተሞላ አምስት ነጥብ ያለው መጠይቅ ሰልችቶናል።

በጡረታም በኩል ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ለሲቪል አገልግሎት አሠሪው መሥሪያ ቤት ከደመወዙ 11 በመቶ ሲያዋጣ፣ ለውትድርናና ለፖሊስ አገልግሎት 25 በመቶ ያዋጣል፤ ሠራተኛው በሁለቱም በኩል 7 በመቶ ይከፍላል። ወታደር ለአደጋ የተጋለጠና ቀድሞ ከሥራ የሚሰናበት በመሆኑ ልዩነቱ ምክንያት አለው። ጥያቄ የሚነሳው ወጥ ሠሪዋ ከክፍሉ ጋር ግዳጅ ስትወጣ ነው፤ ያኔ አደጋው ከአሥር አለቃው አደጋ በምን ያህል ይለያል?

ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. ያጸደቀቻቸው የጄኔቫ ስምምነቶች ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ አላቸው። በሦስተኛው ስምምነት አንቀጽ 4 መሠረት አባል ሳይሆኑ ሠራዊቱን የሚያጅቡ ሰዎች፣ የስንቅ አቅራቢዎችና የወታደሩን ደኅንነት የሚንከባከቡ ሠራተኞች ጭምር፣ ቢማረኩ የጦር ምርኮኛ መብት አላቸው፤ ለዚህም ከሠራዊቱ የፈቃድ መታወቂያ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህ በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት እንጂ በውስጥ ግጭት አይሠራም። የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛም ሲቪልነቱን አያጣም፤ ፋብሪካው ግን ሕጋዊ የጦር ዒላማ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ዒላማ ባይሆንም ዒላማው ውስጥ ስምንት ሰዓት ይውላል።

መረጃ ከየት ይገኛል? አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ የአገር መከላከያና ደኅንነት መረጃን ግን በልዩ ሁኔታ ገድቧል። ምን ያህል ጥይት ይመረታል ብሎ መጠየቅና የሲቪል ሠራተኞች የዓመት ዕረፍት እንዴት ይሰላል ብሎ መጠየቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጥያቄው በጽሑፍ፣ የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑ ተለይቶ ሲቀርብ ይሻላል። «ሚስጥር ነው» የሚል መልስ ከመጣም መልሱ ራሱ ከነቀኑ ይመዘገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ስም መደበቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ «የ20 ዓመት አገልግሎት ያላት ነርስ» ብንል ማንም አይለያትም። ጉደር ወይም ጌዶ ላይ ግን ከስሟ የሚቀረው ስሟ ብቻ ነው! ጎረቤት ያውቃታል፣ አለቃዋ ያውቃታል። ምዕራብ ሸዋ ደግሞ ጸጥ ያለ አካባቢ ሆኖ አልቆየም፤ በ2006 ዓ.ም. በአምቦ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተነሡትን ተቃውሞዎች እናስታውሳለን፤ ከዚያ ወዲህም ታጣቂና መንግሥት የተፋለሙባቸው ዓመታት አልፈዋል። ወታደሩ ማታ ካምፑ ውስጥ ያድራል። ሲቪሏ የምታድረው ሰፈሯ ነው፤ ገበያ የምትወጣው፣ ለቅሶ የምትደርሰው እዚያው ነው። ለአንዱ ወገን «የካምፕ ሰው»፣ ለሌላው «የሰፈር ሰው» ሆና ሁለቱም ሊጠረጥሯት ይችላሉ። ጽሑፉ በእሷ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ለደራሲው ከሚያስገኘው የማዕረግ ዕድገት ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የተቋሙን፣ የከተማውንና የሥራ መደቡን ስም አንድ ላይ አለመጻፍ፣ የአገልግሎት ዘመንን በአሥር ዓመት ክልል ማስቀመጥ፣ ቃለ መጠይቁን ከካምፑ በር ርቆ ማድረግ ቢያንስ የሚጠበቅ ነው። ጆርናሉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቃለ መጠይቁ ሠራተኛዋ በምትናገረው፣ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ መካሄድ አለበት። ከመታተሙ በፊትም ስለ ራሷ የተጻፈው አንቀጽ በዚያው ቋንቋ ይነበብላትና ይውጣ የምትለው ይውጣ። ገምጋሚዎቹ «መረጃው ሳሳ» ቢሉ፣ የሳሳበት ምክንያት በስልት ክፍሉ ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍላቸዋል።