አንድ ቃል በሁለት መዝገብ

ከኩፓት ሆሊም የተሰጠ የቀጠሮ ወረቀት «9:00» ይላል እንበል። ይህን በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ የተረዳ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቀጠሮውም ያልፈዋል። ወረቀቱ አልተሳሳተም፤ የአገር ቤቱም አቆጣጠር ትክክል ነው። የጎደለው «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ ነገር የኮምፒውተር ሊቃውንትንም አስቸግሯል። ለኮምፒውተር እውቀት ለመስጠት፣ ምን ምን ነገሮች እንዳሉና እንዴት እንደሚዛመዱ በዝርዝር ይጻፍለታል። ይህ ዝርዝር ኦንቶሎጂ ይባላል። በፈረንጆች 1984 ዳግላስ ሌናት የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ተራ እውቀት ለኮምፒውተር ለማስተማር «ሳይክ» የተባለውን ሥራ በቴክሳስ ጀመሩ። መዝገቡ እየሰፋ ሲሄድ ግን ሁሉን በአንድነት ማስማማት አልተቻለም። በተረት ጦጣ ትናገራለች፤ በእንስሳት ሐኪም ዘንድ ግን አትናገርም። ስለዚህ በ1990 ገደማ መዝገቡ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ተደራጀ።

ደንቡ ይህ ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው እርስ በርሱ መጋጨት የለበትም፤ ከሌላው ክፍል ጋር ግን ሊለያይ ይችላል። ለብዙዎቹ የሚያገለግለው እውቀት በላይኛው ክፍል ይቀመጣል፤ የታችኞቹም ይወርሱታል። አንድ ነገር ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር ግን እንደየቦታው ይተረጎማል።

የእኛም ኑሮ እንደዚሁ ነው። በቤታችን የአጎት ልጅ «ወንድም» ይባላል። ሐኪም «ወንድም» ሲል ግን ከእናትዎ ወይም ከአባትዎ የተወለደውን ማለቱ ነው፤ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሲጠይቅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በመስከረም 2008 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተወለደ ልጅ፣ እዚህ የተወለደው በ2015 ነው። ቁጥሩ ሳይለወጥ ከተጻፈ ልጁ በወረቀት ላይ በሰባት ዓመት ያረጃል።

የአገሪቱ መሥሪያ ቤቶችም በአንድ መዝገብ አይሠሩም። በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ ለአይሁዳዊ የልጅ ልጅም መብት ይሰጣል፤ ለጋብቻ ግን ራባኑት በሃላኻ መሠረት የእናትን ዘር ይጠይቃል። በአንዱ ቢሮ የተቀበሉት ሰው በሌላው ሲጠየቅ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፎርም ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዓመቱና ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው? «ቤተሰብ» ሲሉ እነማንን ማለታቸው ነው? ይህ ወረቀት ለየትኛው ቢሮ ነው? የአጎታችሁን ልጅ «ወንድሜ» ማለታችሁን ግን አትተዉ። በቤት ትክክል ነው፤ በቢሮ ብቻ «የአጎቴ ልጅ» በሉ።