ጦሳን ከመውቀስ በፊት

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። እንዲህ ባለ ወጣ ገባ አገር ላፕቶፕ አልገናኝ ሲል «ተራራው ነው፤ ኔትዎርክ የለም» ብሎ መተው ይቀናል። ነገር ግን «ኔትዎርክ የለም» የምንለው ሁለት ችግር በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው የጥቂት ሜትሮች የሬዲዮ ጉዞ፣ ማለትም ዋይፋዩ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነስቶ በመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በሞባይል ማማ በኩል ወደ ውጭ የሚዘልቀው መስመር ነው። ገመድ አልባ ግንኙነትን ማወቅ በእኔ ሚዛን እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው፤ ስም መርጦ ፓስወርድ ማስገባቱንማ ልጆችም ይችሉታል።

ጦሳ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ እጁ የለበትም፤ ምክንያቱ ከዋይፋይ አመጣጥ ይነሳል። በ1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ አንዳንድ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ ለመጠቀም ክፍት አደረገ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. 802.11 የተባለው መመዘኛ ወጣ፤ ዋይፋይ የሚለው ስም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። ያለ ፈቃድ መጠቀም ግን ዋጋ አለው፦ የሚለቀቀው ኃይል ትንሽ እንዲሆን ግድ ነው፤ ስለዚህ ሞገዱ ገና ከግቢ ሳይወጣ ይደክማል። የ2.4 ጊጋሄርዝ ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የጭቃ ግድግዳን ተዳክሞም ቢሆን ያልፋል፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ይከብደዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ መልሶ ያነጥረዋል። የ5 ጊጋሄርዙ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ሲበዛበት ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ ዋና ቤቱ ውስጥ ያለ ራውተር በቆርቆሮ ለተሠራ ሰርቪስ ቤት ባይደርስ አይገርምም። በ2009 ዓ.ም. እንደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ሰፋፊ የብረት ሼዶች ውስጥም አንድ ጠንካራ ራውተር ከመፈለግ ብዙ ማሰራጫዎችን በየቦታው መትከል ይሻላል። በተጠጋጉ ቤቶች ደግሞ ጎረቤታሞች አንድ ቻናል ላይ ሲደራረቡ ይጠላለፋሉ፤ በ2.4 ጊጋሄርዝ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

የትኛው መስመር እንደተበላሸ ላፕቶፑ ራሱ ይናገራል፣ ጠያቂ ካገኘ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ገጽ ካልከፈተ የአይፒ አድራሻውን ማየት ነው። 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም፤ ላፕቶፑ ለራሱ አውጥቶ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሆነው በ192.168 የሚጀምር ከሆነና የራውተሩ ገጽ ከተከፈተ ግን ዋይፋዩ ደህና ነው፤ ጥያቄው ወደ ውጭው መስመር ይዞራል። መብራት ሲጠፋም ልዩነቱ ይታያል፦ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ባትሪ የለውምና አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስም ተነስቶ እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው በዚያች ትዕግሥት በምትጠይቅ ሰዓት ነው የተቀመጠውን ፓስወርድ አጥፍቶ እንደገና የሚታገለው።

ተራራው ምንም አያደርግም ማለት ግን አይደለም። አብዛኛው ሰው ላፕቶፑን የሚያገናኘው በስልኩ ሆትስፖት ነው፤ ስልኩን ከማማው የሚያገናኘውን ሞገድ ደግሞ ገደልና ሸንተረር በእርግጥ ይጋርደዋል። ይህም ቢሆን ልዩነቱን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያፈርሰውም፦ ስልኩ ማማውን በሚያይ መስኮት ላይ ይቀመጥ፣ ላፕቶፑ ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱ በዳታ ልክ የሚከፈልበት መሆኑን መምረጥም ፓኬጁን ከዝመና ያተርፋል። የበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ እውቀት ምን ይረባል? የውጭውን መስመር በእርግጥ አይመልሰውም። ዋይፋይ ግን ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል። በአንድ ራውተር ላይ ያሉ ላፕቶፖች ፋይል ይለዋወጣሉ፣ በአንድ ፕሪንተር ያትማሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ካምፓስ አለው፤ እንዲህ ያለ ተቋም መጻሕፍትን በራሱ ሰርቨር ላይ ካኖረ፣ ተማሪው ውጭው ቢዘጋም ያነባል። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስም አብሮ እንደሚዞር እያወቅን ይህን መንገድ ችላ ማለታችን ይገርመኛል።

ይኸው ፋይል ለመለዋወጥ ለጓደኛ የተከፈተ በር ለማያውቁትም ይከፈታል። ዌፕ የተባለው የጥንቱ መቆለፊያ በ2001 እ.ኤ.አ. ተሰብሯል፤ ዛሬ መምረጥ ያለብን ዳብሊውፒኤ 2ን ወይም 3ን ነው። የካፌው ፓስወርድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ግን መቆለፊያው ቢጠነክርም ቁልፉ የሁሉም ነው፤ እዚያ የላፕቶፑን የኔትዎርክ ዓይነት «ፐብሊክ» በሚለው ላይ አድርጎ የፋይል መጋሪያውን መዝጋት ይገባል።