የማይታየው ብርሃን ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ጨረቃ

ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን የሚገኘው የሱሉልታ ሜዳ በመስከረም ወር ለዓይን አንድ ወጥ አረንጓዴ መስሎ ይታያል። በቅርብ ኢንፍራሬድ ካሜራ ከህዋ ለሚመለከተው ግን መልኩ ሌላ ነው። ለምለም ሣር ይህን ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን አብዝቶ ስለሚያንጸባርቅ ይደምቃል፤ የተጎዳው ይደበዝዛል፤ ክረምት ያቆረው ውኃ ብርሃኑን ውጦ ስለሚያስቀር ይጠቁራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ለመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ለኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ የተሰጠው ተግባርም ግብርናን፣ ውኃንና አካባቢን መቃኘት ነበር፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ የተተከለውም በዚሁ በእንጦጦ ላይ ነው።

በጨረቃ ሣርም ደመናም የለም። በሱሉልታ ደመና ክረምቱን ሙሉ ካሜራን ሲጋርድ፣ በዚያ ግን የተፈጨው ዓለት ሁልጊዜ ገላጣ ነው። ለዓይን ግራጫ የሚመስለው ይህ ገጽ በኢንፍራሬድ ማዕድናቱን ይለያል። በኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት ውስጥም የሚገኘው ፓይሮክሲን፣ በውስጡ ባለው ብረት ምክንያት፣ በ1 እና በ2 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃንን ይውጣል። ካሜራው የሚያነበው ይህንን ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ጨረቃን የዞረችው የአሜሪካ መንኩራኩር ክሌመንታይን ከ1.1 እስከ 2.78 ማይክሮሜትር የሚያዩ ስድስት ማጣሪያዎች ያሉት ካሜራ ይዛ ነበር። ችግሩ ሙቀት ነው፤ ማንኛውም ሞቃት አካል፣ ካሜራው ራሱ ጭምር፣ ኢንፍራሬድ ያመነጫል። መሣሪያው በገዛ ሙቀቱ እንዳይታወር ብርሃን ተቀባዩ ከዜሮ በታች ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንዲቀዘቅዝ ተደርጓል።

በ2008 የመጠቀችው የሕንድ ቻንድራያን-1 የያዘችው የናሳ መሣሪያ ደግሞ እስከ 3 ማይክሮሜትር ድረስ አየ። በ2009 ይፋ በሆነው ውጤት በዚያ ጠርዝ ላይ የውኃ ወይም የሃይድሮክሲል ምልክት ተገኘ። ሁለቱን መለየት ግን ቀላል አልነበረም፤ በቀትር የጋለው የጨረቃ ገጽ ራሱ በዚያው የብርሃን ክልል ስለሚያበራ ምልክቱን ያደበዝዘዋል። በ2018 ተመራማሪዎች የዚሁ መሣሪያ መረጃ በዋልታዎች አካባቢ፣ ፀሐይ ፈጽሞ በማትደርስባቸው ጉድጓዶች፣ በረዶ መኖሩን እንደሚያሳይ አስታወቁ።

በጨረቃ ሊሰፍሩ ላሰቡ አገሮች ይህ የመጠጥ ውኃና የነዳጅ ጉዳይ ነው። ሆኖም ካሜራው የሚያየው የላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ምን ያህል በረዶ እንዳለ የሚታወቀው በቁፋሮ ይሆናል።