ላረጀ የፓምፕ ጣቢያ አዲስ ፕላን

ዕድሜ የጠገበ የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ቧንቧ እንዲቀይር የተላከ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፕላኑን ነው። ፕላኑ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጣቢያው ሲሠራ የታሰበውን ያሳያል፣ ዛሬ ያለውን ግን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ፓምፕ ተነቅሏል፣ አንዱ ቫልቭ ቦታ ቀይሯል፣ በችግር ሌሊት «ለጊዜው» ተብሎ የተበየደው መስመር እዚያው አርጅቷል። አዲስ አበባ የገፈርሳን ውሃ ከ1930ዎቹ፣ የለገዳዲን ደግሞ ከ1960ዎቹ (ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ ትጠጣለች። እንዲህ የቆየ ሥርዓት ባለበት ከተማ ሁሉ ትክክለኛውን ፕላን በጭንቅላታቸው የያዙት ነባር ቴክኒሻኖች ናቸው፤ እነሱም አንድ ቀን ጡረታ ይወጣሉ።

ሌዘር ስካነር የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው እንደ ሰርቬየሮች ቶታል ስቴሽን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይተከላል። ቶታል ስቴሽን ባለሙያው የመረጠለትን ነጥብ ብቻ ይለካል፤ ስካነሩ ግን ሳይመርጥ ያየውን ሁሉ ይለካል። በውስጡ ያለው መስታወት በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ራሱ መሣሪያው ደግሞ ቀስ እያለ ይዞራል፤ የሌዘር ጨረሩም ከጣሪያ እስከ ወለል ክፍሉን ያዳርሳል። ርቀት የሚሰላው ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ በፈጀበት ጊዜ ነው። 10 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 67 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ፈጣኖቹ መሣሪያዎች በአንድ ሰከንድ ሚሊዮን ነጥብ ይመዘግባሉ። ከአንድ ቦታ ሆኖ የፓምፑ ጀርባ ስለማይታይ ስካነሩ ብዙ ቦታ እየተነሣ ይተከላል፤ የየቦታውን ልኬት ለማገጣጠም ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡ ነጫጭ ኳሶች እንደ ምልክት ያገለግላሉ። ተገጣጥሞ የሚወጣውን የነጥብ ክምችት ባለሙያዎቹ ፖይንት ክላውድ ይሉታል።

መሣሪያውን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ካበቁት ሰዎች አንዱ በኢራቅ ሞሱል የተወለደው ሲቪል መሐንዲስ ቤን ካሲራ ነው። እሱም ቢሆን የተነሣው እንዲህ ያሉ ውስብስብ ተቋማትን እንዳሉ ለመለካት ነበር። ታሊባን በ2001 (እ.ኤ.አ.) የባሚያንን የቡድሃ ሐውልቶች ካፈረሰ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ቅርስ አዙሮ በ2003 ሳይአርክ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። መሣሪያው ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ መዝግቧል። ቅርሱ ዝና አመጣለት፤ በእኔ ግምት ግን ዋጋውን የሚያወጣው ዝገትና ዘይት የሞላበት ክፍል ውስጥ ነው።

ፍላንጅን እንውሰድ። ሁለት ቧንቧዎች የሚጋጠሙበት ክብ ብረት ነው፤ ዙሪያውን የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት። አንድ ቁራጭ ቧንቧ ለመቀየር የሁለቱ ጫፎች ርቀት ብቻ አይበቃም። አንደኛው ፍላንጅ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ ወይም ቀዳዳዎቹ በጥቂቱ የዞሩ ከሆነ ቡሎኑ አይገባም። በሜትር ለክተው ወርክሾፕ ያስበየዱት ቁራጭ ጣቢያው ሲደርስ አልገጥም ይላል፤ ይቆረጣል፣ እንደገና ይበየዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው ተዘግቷል፣ ፈረቃው ተዛብቷል፣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። በስካነር ሲለካ ግን የሁለቱም ፍላንጆች አቀማመጥ በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይታወቃል፤ ቁራጩ ውሃው ሳይዘጋ ተሠርቶ ያልቃል። አዲሱ ፓምፕ በበሩ ይገባ እንደሆነም አስቀድሞ በኮምፒውተር ይሞከራል። ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ጥያቄ አይደለም፤ አሮጌ ጣቢያ ውስጥ ማሽኑ ከገባ በኋላ ግድግዳ የተሠራበት ቦታ አይጠፋም።

ልኬቱ በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ ጊዜ የሚበላው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥራ ነው። ነጥቦቹ ብቻቸውን ቧንቧ አይደሉም። ሶፍትዌሩ ከሚታየው ግማሽ ጎን ተነሥቶ የቧንቧውን የውጭ ዲያሜትር ያሰላል፤ ባለሙያው ደግሞ ይኸ ቫልቭ ነው፣ ያኛው የኬብል መስመር ነው እያለ ይለያል፣ የተገጠመበትን ዓመትና የጥገና ታሪኩን ያያይዝበታል። ይህ ካልተደረገ የሚተርፈው ለስብሰባ የሚያምር ሥዕል ነው።

የማያየውም ብዙ ነው። የቧንቧውን የውጭ ገጽ እንጂ ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ አይነግርም፤ ለዚያ የአልትራሳውንድ መለኪያ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ብረት ጨረሩን ወዲያ ይወረውርበታል። ውሃ ደግሞ አብዛኞቹ ስካነሮች የሚጠቀሙበትን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጠዋል። አረንጓዴ ሌዘር ጥርት ያለና ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይዘልቃል፤ በድፍርስነቱ እንደሚታወቀው ለገዳዲ ባለ ግድብ ግን የደለሉን መጠን ማወቅ የፈለገ ሰው ጀልባ ላይ ሶናር መጫን አለበት።

ሌዘርና ሶናር ተጋግዘው የሚሠሩት ትልልቅ የኮንክሪት ፍሳሽ መስመሮች ውስጥ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከፍሳሹ እየወጣ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም ኮንክሪቱን ከላይ ይበላዋል። በማንሆል የሚገባ ሮቦት ከፍሳሹ በላይ ያለውን በሌዘር፣ ከሥር ያለውን በሶናር ይለካል። ውጤቱ ከመጀመሪያው የቧንቧ ስፋት ጋር ሲነጻጸር የትኛው ክፍል ስንት ሴንቲሜትር እንደሳሳ ይታወቃል፤ በጀቱም ወደዚያ ይሄዳል። ውስጡ በአዲስ ሽፋን ከተለበጠ በኋላ ሮቦቱ አንድ ጊዜ ቢመለስ ሌላም ነገር ይለካል፦ ኮንትራክተሩ የተከፈለበትን ውፍረት በእርግጥ መለበጡን።