ላጲስ የማይነካው መስመር

የሰሜን ተራሮችን አይቶ የተመለሰ ሰው ስልኩ ላይ የጭላዳ ፎቶ አያጣም። እስቲ ስልኩን ዝጉና ጭላዳ እንዴት እንደሚቀመጥ በእስክሪብቶ ሳሉ። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ እንቆማለን። ፎቶው አለን፤ እንስሳውን ግን በደንብ አላየነውም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የቀለም ሥዕል የሚገባኝ በወጪ ነው። በእርሳስ ብትሳሳቱ ላጲስ አለ። ቀለም ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ስለዚህ ከማስመራችሁ በፊት መምረጥ ግድ ነው፦ የዚህ እንስሳ ዋናው ነገር ምንድን ነው?

የጭላዳ ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ስለሆነ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ይነጫል፤ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይቀጥላል። አንድ ጎበጥ ያለ የጀርባ መስመር፣ ከትከሻው የሚወርድ ጎፈር፣ ሥራ የማይፈቱ ሁለት እጆች። በቃ፣ ጭላዳ ነው። የወንዱ ዋልያ ነገር ደግሞ ቀንዱ ላይ ነው። ወደ ኋላ የሚቆለመመውን ቀንድ በአንድ ትንፋሽ ስባችሁ ወደ ጀርባው ካወረዳችሁት፣ ገደሉን ባትስሉትም ይታያል።

ይሄ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጎንደር፣ ጸሐፍት ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ቀለም እየበጠበጡ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ብራና ቆዳ ነው፤ ማበላሸት ያስከፍላል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ ልብ ብላችሁ እዩት፤ የሚያስኬደው ዙሪያውን የያዘው ጥቁር መስመር ነው። ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ የጀመረውን በሬ በ11 ተከታታይ ህትመቶች እየቀነሰ እየቀነሰ ጥቂት መስመር ብቻ አስቀርቶታል። በሬነቱ ግን አልጎደለም።

ዋልያን ሁላችንም በብሔራዊ ቡድናችን ስም እንጠራዋለን። በዱር የሚኖረው ግን በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ የመጥፋት ስጋትም አለበት። በዓይናችን አይተን ካልሳልነው፣ ነገ የምንስለው የፎቶ ግልባጭ ነው የሚሆነው።

ለመጀመር ፓርክ መግባት አያስፈልግም። ቢክ እስክሪብቶና የደብተር ወረቀት ይበቃል። በገበያ ቀን ዳባት ወይም ደባርቅ መንገድ ዳር ቁሙና አንዲት የተጫነች በቅሎ ምረጡ። አስር ሰከንድ ብቻ ስጧት፦ ጆሮዋ፣ አንገቷ፣ ጭነት የከበደው ጀርባዋ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ በቅሎዎች አህያ ይመስላሉ። ግድ የለም፣ ሃያ አንደኛዋን ሳሉ።