የጎልማሶች ትምህርትና የእርዳታ ሥራ፦ የጉለሌ ልምድ

ስለ ድርቅ ሲነገር እህል፣ ውኃና መጠለያ እንጂ ፊደል አብሮ አይነሣም። ይሁን እንጂ በእህል ማደያ ጣቢያ የተሰለፈ አባወራ የያዘውን ካርድ ማንበብ ካልቻለ የተመደበለትን ልክ የሚያውቀው ከሌላ ሰው አፍ ብቻ ነው። ለምሳሌ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ቢመደብ፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ 75 ኪሎ ግራም እንደሚደርሰው ራሱ ካላሰላ፣ ቢጎድልበትም አቤት ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ የጎልማሶች ትምህርት ከእርዳታና ከመልሶ ማቋቋም ሥራ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በጉለሌ የታየው ልምድ ይህንኑ ያስረዳል።

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ፣ ብዙ ነዋሪዎቹ በእጅ ሙያና በጉልበት የሚተዳደሩበት አካባቢ ነው። በሽሮ ሜዳ መነሻቸው ከጋሞ ደጋ የሆነ ሸማኔዎች፣ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ይገኛሉ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን ማገዶ ተሸክመው በመውረድ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሴቶችም ብዙ ናቸው። ፈትል በዱቤ የሚወስድ ሸማኔ መጻፍ ካልቻለ ሂሳቡን የሚይዝለት አበዳሪው ነጋዴ ነው። በእድርም ቢሆን ማንበብ የማይችል አባል የከፈለው መመዝገቡን የሚያረጋግጠው በጸሐፊው ቃል ነው።

በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በተለምዶ ቀበሌ የተባሉት፣ ተቋቋሙ። በአካባቢያቸው የትምህርትና የጤና አገልግሎት እንዲደራጅ ማድረግ ከተሰጧቸው ተግባራት አንዱ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» በሚል መፈክር ሲጀመር፣ በጉለሌም እንደ ሌሎቹ የከተማው ክፍሎች ሥራውን ነዋሪው በየቀበሌው ተረከበ። ተማሪዎች፣ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ያለ ክፍያ አስተማሩ። ትምህርቱ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፃቸው፣ ማለትም 231ዱን ሆሄያት፣ ከማስለየት ተነሥቶ ወደ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሂሳብ ይዘልቅ ነበር። ፈተናውን ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር፤ ቀጥሎም ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ አያያዝና ስለ ሥራ የተዘጋጁ ጽሑፎች ይቀርቡለታል። በመላ አገሪቱ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ ዘመቻ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል።

የምስክር ወረቀት ማግኘት ግን የሥራው መጨረሻ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ወደ ደን ወጥታ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሸክም ተሸክማ የምትመለስ እናት ማታ ከትምህርት ብትቀር ስንፍና አይባልባትም፤ ያልተስማማው ሰዓቱ ነው። ደግሞም ጎልማሳ የተማረውን ፊደል ካልተጠቀመበት ፈጥኖ ይረሳዋል። ፊደሉ ጸንቶ የሚቆየው ሸማኔው የክንዱን ልክና ዕዳውን በገዛ ደብተሩ ሲመዘግብ፣ እናትም ከክሊኒክ የተሰጣትን ወረቀት ራሷ ስታነብ ነው።

ይህ ትምህርት ከከተማ ውጭም ያገለግላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ መተከል፣ አሶሳ፣ ጋምቤላና ሌሎች ምዕራባዊ አካባቢዎች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የማያውቁት አየርና የወባ በሽታ ለጠበቃቸው ሰዎች የመድኃኒት ትእዛዝ ማንበብ የሕይወት ጉዳይ ነበር። በተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንኳ፣ አንድ ሊትር ለሚለው እሽግ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተለክቶ ካልተበጠበጠ ሊጎዳ ይችላል።

በአዲስ አበባ የቀበሌው መዋቅር ዛሬ በወረዳ ተተክቷል፤ ዘመቻውም ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አልቀጠለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ግን ንባብን ከኑሮና ከሥራ ጋር ማያያዝን ዋና መመሪያው አድርጓል። በመጠለያም ሆነ በሠፈራ ጣቢያ ትምህርት የሚያደራጁ ሁሉ ከጉለሌው ልምድ ሦስት ነገር ሊወስዱ ይገባል፦ ሰዓቱን ተማሪው ይምረጥ፤ የመጀመሪያው መማሪያ በእጁ ያለው ካርድ ይሁን፤ ትምህርቱ ካበቃም በኋላ የሚነበብ ጽሑፍ አይጥፋ። በጣት አሻራው ብቻ ሲፈርም የኖረ ሰው ስሙን ከጻፈ በኋላ፣ የሚፈርምበትን ወረቀት አንብቦ መረዳትም ይጠበቅበታል።